ቁጥር 114 አልጋ ሰባትን ለካች

«እቴ፣ አልጋ ሰባትን ስለለካሽልኝ ተባረኪ! ዛሬ እኮ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

ይህን ያለችኝ አዲሷ ነርስ ናት። በሬ ላይ ቆማ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። እኔ ነርስ አይደለሁም። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የምከታተል ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው መርፌ ሲወጋ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ።

«እኔ ማንንም አልለካሁም» አልኳት።

«ታዲያ ማን ነው? ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ የልብ ምቱ፣ ሁሉም ተሞልቶ ነው ያገኘሁት።»

«የማን?»

«የአልጋ ሰባት ነዋ!»

ሳቀች። እኔም አብሬያት ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር... ከዚያ ትዝ አለኝ።

አልጋ ሰባት ላይ ማንም የለም።

ከዚህ በኋላ የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። አላምንም ለሚል ሰው አልፈርድበትም፤ እኔም ብሰማው አላምንም ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛዬን አሙቆታል፣ ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፣ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

አዲሷ ነርስ ገና ሁለተኛ ቀኗ ስለነበር ማን ነርስ እንደሆነ አልለየችም፣ አልጋ ሰባት ያለበትን የጥግ ክፍልም አልረገጠችውም። ክፍሉ ከተቆለፈ ስምንት ወሩ ነው። ፍራሹ ወጥቶ ብረቱ ብቻ ነው የቀረው።

እሷ ስትሄድ ስክሪኑን ከፈትኩ።

አልጋ 7። ሙቀት 36.8። የልብ ምት 88። የደም ግፊት 150 በ95። ሰዓት 7፡10።

መዝጋቢ፦ ቁጥር 114።



ቁጥር 114ን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። የቁጥሩ ባለቤት ሞታለች።

...

ሲስተር ቀስበቀስ ነበር የምንላት። መርፌ ስትወጋም፣ ሽማግሌ ደግፋ ስታስነሳም ቃሏ አንድ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» በዕድሜ እናቴ ልትሆን ትችላለች፤ ግን «አንቱ» ስላት ትቆጣ ነበር። «አስረጀሽኝ እኮ!» ትለኛለች። እኔን ደግሞ «የኔ ዝምተኛ» ነበር የምትለኝ።

አንድ ልማድ ነበራት። ወግታ ስትጨርስ ጥጡን በፕላስተር ትለጥፍና የፕላስተሩን ጫፍ እጥፍ ታደርገዋለች። በኋላ ሲላጥ ጣት የሚይዘው እንዲያገኝ፣ በሽተኛው እንዳያመው። ከእሷ ሌላ እንደዚያ የሚያደርግ አላየሁም።

ሶፍትዌሩ የመጣ ጊዜ ሁሉም አጉረመረመ። እሷ ግን ከሁላችንም ቀድማ ለመደችው። ድሮ እናቶች ልጅ ታቅፈው ግማሽ ቀን ይቆሙና «ካርድዎ አልተገኘም» ይባሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የላቦራቶሪው ውጤት ከበሽተኛው ቀድሞ ሐኪሙ ጋ ይደርስ ጀመር። የማይስማማ መድኃኒት ሲታዘዝ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ይወጣል። ያ ቀይ ሳጥን አንድ ሕፃን አትርፎልናል።

ሲስተር ቀስበቀስ ኮምፒውተሩን እንደ ጎረምሳ ጀርባ መታ መታ እያደረገች «ይሄ ሰውዬ አይረሳም» ትል ነበር።

እውነቷን ነው፣ አይረሳም። የሚረሳው ሰው ነው።

እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቁጥርና የይለፍ ቃል አለው። ዋናው ሐኪም ግን የራሳቸውን አላወጡም። «ጋሼ» ነው የምንላቸው። «በስተርጅና ታይፒስት ልሁን?» ብለው ቀለዱበት፣ እኛም ሳቅን። እሳቸው ይናገራሉ፣ ሲስተር በራሷ ቁጥር ትጽፋለች። እሷ ከሌለች ደግሞ እሳቸው በእሷ ቁጥር ገብተው ያዛሉ። የይለፍ ቃሏ በብጫቂ ወረቀት ተጽፎ ከኪቦርዷ ሥር ተለጥፎ ነበር። የማያውቀው ሰው የለም።

እኔም አውቅ ነበር። ይህን መከልከል የእኔ ሥራ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝና አንድም ቀን አልተናገርኩም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

አልጋ ሰባት ላይ የሁለት ልጆች እናት ተኝታ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአስር ላይ ፔኒሲሊን ታዘዘላት። ቀዩ ሳጥን ወጣ፤ «ይህ መድኃኒት ለታካሚዋ አይስማማም።»

አንድ ሰው «እለፈው» የሚለውን ተጫነ።

ተረኛዋ ነርስ በታዘዘው መሠረት ወጋቻት። ሴትየዋ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሞተች።

መዝገቡ ያዘዘችው ቁጥር 114 ናት ይላል። ነገር ግን 114 በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች አውቃለሁ። ከእኔ ጋር ነበረች፤ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ምሳ እየበላን። ሁልጊዜ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ማንኪያ ስለምረሳ።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። መዝገቡ ውስጥ ገባ ብሎ ላየው ሰው፣ ትእዛዙ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተላከ ይታያል።

ከክፍል ሦስት ነው። የጋሼ ቢሮ።

ሞቷን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት ከመቅረቤ በፊት ጋሼ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው በሹክሹክታ...

«ልጄ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ዝምታ ወርቅ ነው።»

ገባሁ።

«መዝገቡ ማንን ያሳያል?» አሉኝ።

«114ን ያሳያል።»

አልዋሸሁም። ግማሹን ነው የተናገርኩት።

ሲስተር ቀስበቀስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ስለ ምሳው እስክናገር ጠበቀች... ጠበቀች... እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከሥራ ተባረረች። በሁለተኛው ወር ልቧ ቀጥ አለ።

...

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ።

የተመዘገበውን ሰረዝኩት። ቁጥሩንም አየሁ፤ እንደተዘጋ ነው።

ረቡዕ፣ 7፡10። አልጋ 7። የልብ ምት 80።

ሰረዝኩት።

ሐሙስ፣ 7፡10። የልብ ምት 71። ግፊት 120 በ80። የማስታወሻው ቦታ ላይ ሁለት ቃል ተጽፏል።

«ቀስ በቀስ።»

ሐሙስ ከሰዓት አዲሷ ነርስ መጥታ አጠገቤ ጎንበስ አለች።

«ስሚማ... ጋሼ ዛሬ ደከመኝ ብለው አስለኩኝ። ምሳ ሰዓት ላይ። ፊታቸው አመድ መስሏል።»

«ስንት ሆነ?»

መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን አነበበችልኝ። «ምታቸው 71። ግፊት 120 በ80። ሁልጊዜ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው አሉ፤ ምን አውርዶት ይሆን?»

 ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ዓርብ ጋሼ ራሳቸው መጡ። ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። 

«ማን ነው የሚቀልድብኝ?»

«ምን ሆኑ፣ ጋሼ?»

«አትደብቂኝ። ቢሮዬ ያለው ኮምፒውተር በየቀኑ ከምሳ ስመለስ ራሱ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። አልጋ ሰባት ይላል። የሚጻፈው የእኔ ልኬት ነው። የዛሬው 52 ነው!» አንገታቸውን በሁለት ጣት ይዘው ምታቸውን ይቆጥሩ ነበር። «የሚጽፈው ማን ነው?»

«114 ያሳያል» አልኩ።

«ሞታለች እኮ!»

«መዝገቡ እንደሱ አይልም።»

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ልዋሻችሁ አልፈልግም... ደስ አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ከየትኛው ኮምፒውተር ነው የሚላከው?» አሉኝ።

«ከክፍል ሦስት።»

«ከእኔ? እኔ እኮ በዚያ ሰዓት ምሳ ላይ ነኝ! የሚመሰክርልኝ ሰው አለ!»

«እሷም ነበራት» አልኩ።

 ቀና ብለው አዩኝ፤ ባወቁኝ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያን ጊዜ ነው ስክሪኑ የተቀየረው። ማንም አልነካውም።

አልጋ 7። ፔኒሲሊን። ነገ 7፡10።

ከሥሩ ቀዩ ሳጥን ወጣ። «ይህ መድኃኒት ለታካሚው አይስማማም።»

«ጋሼ...» አልኩ ቀስ ብዬ። «ለእርስዎ ፔኒሲሊን...?»

ከንፈራቸውን ላሱ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴም አታውቅም።» ክንዴን ያዙኝ። «ሰርዢው። ቶሎ በይ!»

ተጫንኩ። ትእዛዝ የሚሰርዝ ሰው ምክንያት መጻፍ አለበት፤ ሶፍትዌሩ ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

«ምክንያት ይጠይቃል።»

«ስህተት ነው በይ!»

«ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኑ ተዘግቶ ሌላ ሳጥን መጣ። እንዲህ የሚል ሳጥን እኛ ሶፍትዌር ላይ የለም። እያንዳንዱን ገጽ አውቀዋለሁ፣ የለም።

«ስህተቱ የማን ነው?»

የስክሪኑ ጠቋሚ ብልጭ ድርግም... ብልጭ ድርግም... ትላለች።

«ጋሼ፣ ልጻፈው?»

ዓይናቸውን ከጠቋሚዋ ላይ አልነቀሉም።

«እውነቱን ልጻፈው? አንድ መስመር ነው።»

«በሠላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር። «ለሞተ ሰው ብዬ? ሙት አይከሰስ፣ ሙት አይካስ!»

ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉት። ስክሪኑ ጨለመ።

«በቃ። አለቀ» አሉና ወጡ።

የቀዩ ሳጥን ብርሃን ግን ግድግዳው ላይ ትንሽ ቆየ።

ቅዳሜ ጋሼ ሥራ አልገቡም። ሚስታቸው ደውላ መኝታ ቤት ቆልፈው ተኝተዋል አለችን። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አዲሷ ነርስ እየሮጠች መጣች። ጫማዋ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነበር።

«የጥግ ክፍሉ... በበሩ መስታወት አየሁ... ነይ... ቁልፉን ያዢ...»

በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩት።

ጋሼ በቢጃማቸው አልጋ ሰባት ላይ፣ ፍራሽ የሌለው ብረት ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ከንፈራቸውና ዓይናቸው አብጧል። ቀዝቅዘዋል።

ግራ ክንዳቸው ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ማን ነው የወጋቸው?» ነርሷ ታለቅሳለች። «እቴ፣ ማን ነው?»

እኔ የማየው ፕላስተሩን ነበር።

ጫፉ ታጥፏል።

...

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአስር ላይ አዲስ ገጽ ተከፈተ። አልጋ 8። ክፍላችን ውስጥ ያሉት አልጋዎች ሰባት ብቻ ናቸው።

ሙቀት 36.4። የልብ ምት 94። መዝጋቢ፦ ቁጥር 114።

ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ።

ዘጠና አራት።

ማክሰኞ 85 ሆነ። የእኔም ምት ያው ነው። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቁጭ ብዬ አረፍኩ። የማስታወሻው ቦታ ባዶ ነው፤ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች... የምትጠብቅ ትመስላለች። እንደዚያ ቀን፣ ኮሚቴው ፊት።

ረቡዕ ጠዋት መዝገቡን አተምኩት። ክፍል ሦስት የሚለውን መስመር በቀይ አሰመርኩበት። ኮሚቴው ፊት ሄጄ ቆምኩ። ሳልቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ስለ ኮምፒውተሩም፣ ከኪቦርዱ ሥር ስለተለጠፈው ወረቀትም፣ ስለ ምሳውም ተናገርኩ።

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?» አሉኝ።

«ፈራሁ።»

ጻፉት። የሲስተር ቀስበቀስን ስም የሚያጠራ ደብዳቤ እንዲወጣ ተወሰነ። ለልጇ ደወልኩላት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ።

«እናቴ ስትታመም ስለ አንቺ ታወራ ነበር። ‹የኔ ዝምተኛ ትናገራለች፣ ቀስ በቀስ› ትል ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የኮሪደሩ ሰዓት ሰባት ከአስር ይላል።

በሬ እንደቆለፍኩት ነው። ከፈትኩት። ከጠረጴዛዬ ማዶ ሁለተኛ ወንበር ተስቦ ቀርቧል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ምሳ ዕቃ አለ። ክዳኑ ተከፍቷል፣ ከሩዙ እንፋሎት ይወጣል፣ ግማሹ ተበልቷል። አጠገቡ ሁለት ማንኪያ አለ።

አንደኛው እርጥብ ነው።

ስክሪኑን አላየሁም። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ ደረቁን ማንኪያ አነሳሁና በላሁ።