የማይሄደው ብስክሌት

ከሃይሰም ጋር የተዋወቅነው በእኔ ሞኝነት ነው። በግብፅ፣ ጣንጣ ከተማ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የስፖርት ዕቃ መደብር፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋ የመሮጫ ማሽን ላይ የወጣች ሴት ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም። ሻጩ ፍጥነቱን ጨመረው፤ እኔ ደግሞ አቁምልኝ ማለት አሳፈረኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ እየሮጥኩ ሳለ፣ ጥግ ላይ ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ረጅም ሰው መጥቶ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው።

«ባቡር ያመለጠሽ መስሎኝ ነው» አለ።

ልቆጣው አስቤ ሳቄ ቀደመኝ። የሻጩ ጓደኛ ነበር፤ መብራት ኃይል ነው የሚሠራው።

«ለመሆኑ ምንሽን ልትቀንሺ ነው?» አለኝ።

«ዓይን የለህም እንዴ? ይሄን ሁሉ ነዋ።»

«ዓይንማ አለኝ። ከዚህ ላይ ምንም እንዳይነካ።»

እንዲህ ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም። ምንም ሳልገዛ ባዶ እጄን ወደ ቤት ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ግን ፈገግ እያልኩ ነበር። እናቴ ሐጃ ነጅዋ ገና ሳልጠግብ ሳህኔን ከፊቴ እያነሳች ነው ያሳደገችኝ። የማስተምራቸው ሕፃናት እንኳ «እትዬ ኢናስ፣ ጭንሽ ትራስ ይመስላል» ይሉኛል። ሳይቀነስልኝ የፈለገኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቱንና እህቱን ሺሪንን ይዞ ቤታችን መጣ። ለእጮኝነታችን ፋቲሓ ተቀራ፣ ወርቅ ተደረገልኝ፣ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ በአገራችን ወግ መሠረት ቤቱን አስጨርሶ ማዘጋጀት የእሱ፣ ማቀዝቀዣውንና ምድጃውን አሟልቶ ማስገባት የእኛ ሆነ።

አንድ ቀን ሃይሰም ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ዱባ ልሆን ነው፤ ለቤታችን አንድ ማሽን እንምረጥ» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለእሱ የሚሆን ነገር ልመርጥለት ነው፣ ያውም እዚያው መደብር።

እኔ የመሮጫውን ማሽን ፈለግሁ። ነገሩ ለትዝታ ነበር።

«ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እየደበደቡ ሊያሳብዱን?» አለ።

ሻጩ እጅና እግርን አብሮ የሚያሠራውን ማሽን አወደሰ። ብዙ ላብ ያወጣል፣ ጉልበት አይጎዳም፣ ወንድሜ፣ ይሄን ውሰድ አለው። ሃይሰም ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ ላይ ሆኖ ስልክ መያዝ አይቻልም።»

«ስልክ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«አንቺን ላወራበት ነዋ።»

በዚች አንዲት ቃል ቀለጥኩ፤ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚነዳው የስፖርት ብስክሌት ተመረጠ። መቀመጫው ለእሱ ቁመት ከፍ እንዲል ስጠይቅ ግን «ይቆይ፣ የቤታችን ወለል ሰድር አንጣፊው ገና አልጨረሰም። እስከዚያ እናንተ ጋ ይቀመጥ። ቆሞ እንዳይዝግ አንቺ ንጂልኝ» አለ።

ነዳሁለት። ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይደውላል፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ብስክሌቱ ላይ እወጣለሁ። ስለ አለቃው ያወራልኛል፣ በሕፃናቱ ጉድ ይስቃል፣ የልጆቻችንን ስም እንመርጣለን። ደክሞኝ ልወርድ ስል «አትውረጂ፣ ትንሽ ቆዪልኝ። ትንፋሽሽን መስማት ደስ ይለኛል» ይለኛል። እኔም እቆያለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ብዙ ሳወራ ከሰማች የምትቆጣዋ እናቴ፣ ያን ሰሞን ውኃ አምጥታ አጠገቤ ታስቀምጥና በሩን ዘግታልን ትወጣለች። ተለወጠች ብዬ መረቅኋት።

ሠርጋችን ሁለት ጊዜ ተራዘመ። ሰድር አንጣፊው ታመመ፣ ሰድሩ ከገበያ ጠፋ፣ ቀለሙ አልደረቀም። ሃይሰም ተጨነቀ ብዬ አዘንኩለት፤ ሰድር አንጣፊውንም ረገምኩት። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። የደስታ ነው አልኩ።

ከዓረፋ በዓል በኋላ ዕቃ የምናስገባበት ቀን ደረሰ። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከተማውን አቋረጡ። ፍራሹ፣ ምድጃው፣ ከሁሉም በላይ ታስሮ ብስክሌቱ። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እኔ አፍራለሁ፣ ደግሞም እኮራለሁ። ቤቱን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሃይሰም እስኪያልቅ እንዳላየው ለምኖኝ ነበር።

ከፊት ለፊቱ በር አንዲት ጎረቤት በቅቤ የተጋገረ ፈቲር በሳህን ይዛ ወጣች።

«ሙሽሪት አንቺ ነሽ? እንኳን መጣሽ። እንዲህ ያማረ ቤት ዘግታችሁት ከረማችሁ እኮ። እነዚያ ሰድር አንጣፊዎች ሥራቸውን የጨረሱ ዕለት በረመዳን እኔ ነኝ ጾም ያስፈጠርኳቸው።»

«በየትኛው ረመዳን?» አልኳት።

«በዘንድሮው ነዋ፣ ልጄ።»

መጋረጃ ትሰቅል ወደነበረችው ወደ ሺሪን ዞርኩ። ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷም ከወንበሩ ወረደች።

«እኛ እኮ የምታውቂ መስሎን ነበር» አለች። «ሃይሰም ነው ከእናትሽ ጋር የተነጋገረው። ትንሽ ትቅለል፣ የሠርግ ፎቶ ዕድሜ ልክ ነው የሚቀመጠው አለ። እናትሽም ተስማማች። በነገራችን ላይ አምሮብሻል።»

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ሃይሰም ብስክሌቱን ተሸክሞ እያለከለከ ገባ። አስቀመጠው፣ ላቡን ጠረገ፣ ፈገግ አለልኝ። ያ ፈገግታው አሁንም አማረኝ፤ በዚህም በራሴ ተናደድኩ።

«ሰድሩ መቼ አለቀ?» አልኩት።

«ኢናስ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

«በረመዳን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስንጠብቅ ነበር?»

ዓይኑ ወገቤ ላይ አርፎ ተነሳ። መልሱን ከዚያ አገኘሁት።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለ። «ለጤናሽም…»

«ለጤናሽ ብትለኝ እኮ ዘፈን እየዘፈንኩ እነዳ ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ይከፋሻል ብዬ ነዋ።»

«እና አሁን ደስ አለኝ?»

ሴቶቹ እልልታውን ተዉት።

«ስልኩስ?» አልኩት። «አትውረጂ፣ ትንፋሽሽን መስማት ደስ ይለኛል የምትለኝስ?»

መሬት መሬት እያየ «መጀመሪያ ላይ እንዳትወርጂ ብዬ ነበር። በኋላ ግን እውነትም ደስ ይለኝ ነበር» አለ።

ከሁሉ የጎዳኝ ይኼ ነው። ጨርሶ ዋሽቶኝ ቢሆን ጠልቼው አርፍ ነበር። የትኛው ምሽት የመጀመሪያው፣ የትኛው የኋለኛው እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

እናቴ እጄን ያዘች። «በዚች ትንሽ ነገር ትዳር ይፈርሳል? የትኛዋ እናት ናት ለልጇ ክፉ የምታስብ?»

«እማዬ፣ በሩን የምትዘጊልን ለዚህ ነበር?»

እጄን ለቀቀችው።

ወርቁን አውልቄ ሺሪን መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ብስክሌቱ ሄጄ የመቀመጫውን መቀርቀሪያ ሳብኩት፤ ጠንክሮ ነበር፣ እምቢ አለኝ። ማንም አላገዘኝም። በሁለት እጄ አንስቼ ለእሱ ቁመት እስኪሆን ከፍ አደረግሁት።

«ለአንተ ነበር የመረጥኩት» አልኩት። «አሁን ልክህ ነው።»

ደረጃውን ስወርድ እንባዬ አሳወረኝ። ከታች ያለው ሹፌር ምንም ስላልሰማ ሲያየኝ ጥሩምባውን በደስታ ነፋልኝ።

ያን ዕለት ከመግሪብ በኋላ ስልኬ በተለመደው ሰዓት ጮኸ። ክፍሌ ውስጥ ብስክሌቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ቀርቷል። እናቴ እንደ ሌላው ቀን ውኃውን አምጥታ አስቀምጣለች፤ በሩን ግን ክፍት ትታዋለች። ላለማንሳት ቁርጥ ሐሳብ ነበረኝ፣ አነሳሁት። ናፍቆኝ ነበር፣ ምን ላድርግ።

ብዙ ቆየን። እሱም አልተናገረ፣ እኔም።

«ኢናስ» አለ በመጨረሻ። «ትንፋሽሽ አይሰማኝም።»

«ወርጃለሁ፣ ሃይሰም» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።