የኮማንደሩ ሁለት ሽጉጦች

ግንባሩ ላይ ያለው ደም ቀለም ነበር፤ ደረቱ ላይ ያለው ግን የራሱ። አሞጽ ላንቴ በምትባለው የገጠር ቀበሌ፣ በሁለት ረድፍ ሙዝ መካከል በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን እንደገለጠ ሞቷል። ኢንስፔክተር ልክነሽ ከአርባ ምንጭ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚህ በሚቀረጸው የቴሌቪዥን ድራማ ከፖሊስ የሚያመልጥ ሌባ ሆኖ ይጫወት ነበር።

የተኮሰበት ጓደኛው ክብሩ ነው፤ በድራማው ኮማንደር። አሁንም የፖሊስ ልብሱን እንደለበሰ ከማሳው ዳር ተቀምጧል።

«ባዶ ነው ብዬ ነው» አለ፣ ገና ሳትጠይቀው። «ተኩሰህ ትጥለዋለህ ነው የሚለው ድርሰቱ። ድምፁ በኋላ ነው የሚገባው።»

«ምን ዓይነት ሽጉጥ ነው የምትይዘው?»

«ሁለት አለን። አንዱ ከእንጨት ተሠርቶ ጥቁር የተቀባ ነው፤ ለሩጫና ለትግል። ሌላው የጋሽ ደበሌ እውነተኛ ማካሮቭ ነው። ከቅርብ ስንቀረጽ ብቻ፣ ጥይቱን አውጥተው ይሰጡኛል።»

«የእንጨቱ ቀላል ነው። ስትመዘው ክብደቱ አልተሰማህም?»

«ተሰማኝ። ለቅርብ ቀረጻ ቀይረውት ነው ብዬ አሰብኩ። ሁልጊዜ ባዶ ነዋ!» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ደበሌ የካምባ ሰው ነው። በፖሊስነት ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ወጥቷል። ድራማውን ያማክራል፤ የጣቢያ አዛዥ ሆኖም ይጫወታል።

«ሽጉጡ የሚቀመጠው የት ነው፣ ጋሽ ደበሌ?»

«ብረት ሳጥን ውስጥ። ድንኳኑ ውስጥ ነው፣ ተቆልፎ።»

«ቁልፉስ?»

«ሱሪዬ ኪስ…» አለና የለበሰውን የትወና ልብስ ቁልቁል አየ። ድምፁ ወረደ። «የራሴን ሱሪ ድንኳን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ።»

«ጥይቱስ?»

«እዚያው ሳጥን ውስጥ። ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ይዤ ሰው አላስጎዳሁም፣ ኢንስፔክተር!»

«ጥይት እንዴት እንደሚጎርስ ለማን አሳይተዋል?»

«ለሁሉም። እውነት እንዲመስል ብዬ።»

ድንኳኑ ውስጥ የልብስና የሜካፕ ባለሙያዋ አቢጋኤል አንድ ሸሚዝ ላይ የወለቀ ቁልፍ ትሰፋለች። ልክነሽ ስትገባ ተነሣችላት፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዛሬ ማንን ምን አለበስሽ?»

«ጠዋት ሁሉንም አለበስኩ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልነካሁም።»

«አሞጽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ጥሩ ልጅ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ልክነሽ ከዚያ ወደ አዘጋጇ ወደ ፀዳለ ሄደች። ገንዘብ ስላልነበራቸው ካሜራውን የያዘችው ራሷ ፀዳለ ናት። የቀኑን ቀረጻ ከጠዋት ጀምሮ በካሜራው መስኮት አብረው አዩት። ፀዳለ የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ፊቷን አዞረች። ልክነሽ ግን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። የምታየው ሽጉጡን አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ ሁለት ፖሊሶች ሬሳውን በቃሬዛ እያነሡ ነበር።

«እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ክብሩ የያዘው የእንጨቱን ነው» ብላ ጀመረች። «ሲታገሉ ወድቆበት ሲነጥር በቀረጻው ይታያል። ቀጥሎ የተቀረጸው ኮማንደሩ ከሥራ የሚታገድበት ነው። ለእሱ ክብሩ ቀበቶውን ከነሽጉጡ ፈትቶ እዚህ ትቶት ወጣ። ያ ትዕይንት አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲመለስ ቀበቶውን ታጥቆ አሞጽን ወደሚያባርርበት ትዕይንት ገባ። ስለዚህ ሽጉጡ የተቀየረው በአርባው ደቂቃ ውስጥ ነው።»

ልክነሽ በጣቷ እየቆጠረች ቀጠለች።

«በዚያን ጊዜ ክብሩና ጋሽ ደበሌ ካሜራው ፊት ናቸው፤ ፀዳለ ከካሜራው ኋላ ናት። የቀሩት አሞጽና አቢጋኤል ናቸው። አሞጽ በገዛ ደረቱ ላይ የሚተኮስ ሽጉጥ ሊያዘጋጅ ይችላል ወይ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀበቶውን አየሁት። ጠዋት ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። በመጨረሻው ቀረጻ ግን አራተኛው ላይ ነው። ክብሩ፣ ማን አጠበቀልህ?»

ክብሩ በዝግታ ወደ አቢጋኤል ዞረ። «እሷ። ሱሪህ ይወርዳል ብላኝ።»

«እውነተኛው ሽጉጥ ቀበቶውን ወደ ታች ይጎትታል። ያ ክብደት እንዳለ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነው ያጠበቀው። አቢጋኤል፣ ከጠዋት በኋላ ማንንም አልነካሁም ብለሽኛል።»

አቢጋኤል መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካችው።

«እህቴን ያውቋታል፣ ኢንስፔክተር?» አለች። «ቤተል። የዛሬ ሁለት ዓመት ምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት አመለጠ። እስኪነጋ ድረስ አስፋልቱ ዳር ወድቃ ነበር። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ከበር መለሱኝ።»

ልክነሽ ስሙን ስትሰማ አወቀችው። መዝገቡን አድራጊው አልታወቀም ብላ ፈርማ የዘጋችው ራሷ ናት።

«ባለፈው ሳምንት አሞጽን ሜካፕ ስቀባው ማልቀስ ጀመረ። እህቷ መሆኔን አያውቅም። ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ፣ በምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ሴት ልጅ ገጭተን ጥለናት ሄድን አለኝ። ቀኑን ነገረኝ፤ የለበሰችውን ነገረኝ። ቀለሙን በእጄ እንደያዝኩ ሰማሁት። ሳምንቱን ሙሉ አለበስኩት።» እንባ የለም ዓይኗ ውስጥ። «ጣቢያ ብመጣ ምን ያደርጉልኝ ነበር?»

አንድ ቃል የልክነሽ ጆሮ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«ገጨሁ ነው ያለሽ ወይስ ገጨን?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«መልሺልኝ።»

«ገጨን» አለች አቢጋኤል። «ገጭተን ነው ያለኝ።»

«አሞጽ እኮ መኪና መንዳት አይችልም!» አለች ፀዳለ፣ ሳታስበው። «መሪ ጨብጦ አያውቅም። የትም የሚሄደው ከ…» አቋረጠች።

ሁሉም ወዴት እንደሚያዩ አወቁ። ክብሩ ከሁለት ዓመት በፊት መኪናውን በጥድፊያ ሸጧል፤ አብረውት የሠሩት ሁሉ ያስታውሳሉ።

«ክብሩ» አለች ልክነሽ። «ያን ቀን ማን ነበር የሚነዳው?»

ክብሩ ከድንኳኑ በር ውጭ ቃሬዛው መኪና ላይ ሲጫን አየ። በሩ ሲዘጋ ተሰማ።

«አሞጽ ነው የሚያውቀው» አለ።

ደበሌ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እንደገና ተቀመጠ። ልክነሽ ክብሩን አፍጥጣ አየችው፤ እሱም አየት አደረጋት። ቤተልን የገጨው መኪና የት እንዳለ አይታወቅም፤ የዓይን እማኝ የለም። የነበረው አንድ ሰው አሁን ወደ አስከሬን ክፍል እየሄደ ነው። ክብሩም ይህን ተረድቷል።

አቢጋኤል ብቻ አልገባትም፤ ወይም እንዳይገባት ፈልጋ ነበር። ካቴናው እጇ ላይ ሲገባ እንኳ ክብሩን እያየች ነበር። ሌሊቱን ሳትተኛ የፈለገችው የእህቷ ገዳይ፣ ጥይት ያጎረሰችለትና ቀበቶውን በገዛ እጇ ያጠበቀችለት ሰው እሱ ነው።

«አሞጽ ሰኞ ጣቢያ አብረሽኝ ሂጂ ብሎኝ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ብቻዬን እፈራለሁ፣ ሁሉንም እናገራለሁ ብሎኝ ነበር።»

ልክነሽ ክንዷን ይዛ በሙዙ መካከል ወደ መኪናው ወሰደቻት። ቀኑ ዓርብ ነበር።