የግራ እግር ጫማ

«ማንጎ፣ ቁልፍ፣ መስኮት፣ ፈረስ፣ ዝናብ።»

ዳያናራ አምስቱን ቃላት ሳትደናቀፍ ጠራቻቸው። ከፊቷ የተንበረከኩት ዶን ኤፍራይን ነጭ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው «ጎበዝ!» አሏት። ማሪሊስ ግን የበረዶውን ባልዲ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ቃላቱን ለዳያናራ ያስጠናቻት ራሷ ነበረች።

ማሪሊስ የትምህርት ቤቱን ስፖርተኞች የሚያክሙት የዶን ኤፍራይን ረዳት ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። ቁርጭምጭሚት መጠቅለሉንም፣ ጉልበት መፈተሹንም፣ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች የሚጠየቀውንም ሁሉ የተለማመደችው በጎረቤቷና በአብሮ አደጓ በዳያናራ ላይ ነው። ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ተቀምጠው የኬኔፓ ፍሬ እየመጠጡ፣ «አምስት ቃል እነግርሻለሁ፤ ቆይቼ እጠይቅሻለሁ» ትላታለች። ዳያናራ ትስቃለች። «ዛሬም ያው ፈረስ? ኧረ ደክሞታል፣ ይረፍበት!»

ያ ገመድ የመጀመሪያው መረባቸው ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው በተሰጣ አንሶላ ላይ ኳስ እያሻገሩ ቮሊቦል ጀመሩ። የዳያናራ እናት በጭቃ የተለወሰውን አንሶላ ይዛ ስታሳድዳቸው፣ ከዶሮዎቹ ቤት ጀርባ ተደብቀው ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን በእጃቸው ይይዙ ነበር።

አሁን የሚጫወቱበት አዳራሽ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይዘጋል። ተማሪ አነሰ ተብሎ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይዘጋል። ዳያናራ ፖንሴ ከተማ ወዳለችው አክስቷ ትሄዳለች። አውሎ ነፋስ ከገነጠለው የአዳራሹ ጣሪያ ላይ የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ አሁንም ይንጓጓል፤ ከሥሩ የከተማው ሰው ተጨናንቆ ከበሮ ይደልቃል። ከዋና ከተማው ከሳን ሁዋን ከመጡት ልጆች ጋር አምስተኛውና የመጨረሻው ዙር ላይ ናቸው፤ አሥራ አንድ እኩል።

ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ዳያናራ ኳስ ለማዳን ስትወረወር ጭንቅላቷ ከወለሉ ጋር ተጋጨ። ማሪሊስ ድምፁን ሁሉ ሰምታለች። ዶን ኤፍራይን በዚያች ቅጽበት የሌላ ተጫዋች ጣት እየጠቀለሉ ስለነበር አላዩም። አሠልጣኟ ተቀያሪ አስገባች፤ ዳያናራም ወደ አግዳሚ ወንበሩ መጥታ «ትከሻዬን ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ለወደቀ ሁሉ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ አምስቱን ቃላት ጠየቋት፤ ከዚያ ትከሻዋን ነካክተው አዩ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ጤነኛውን፣ ቀጥሎ ተመታሁ ያለችውን። «ደህና ነው» ብለው ለአሠልጣኟ ሊነግሩ ሲነሡ ዳያናራ ወደ ማሪሊስ ዞረች።

«ስንት ለስንት ነን?»

«አሁን ነገርኩሽ እኮ። አሥራ አንድ እኩል።»

«አዎ አዎ… አቦ፣ አትፍጠጪብኛ!»

«ጭንቅላትሽን ነው የተመታሽው፣ ዳያ።»

«ዝም በይ። በናትሽ ማሪ፣ የመጨረሻችን እኮ ነው! የምር ደህና ነኝ።»

ማሪሊስ የዶን ኤፍራይንን የእንጨት ሣጥን አየች። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው «ተቀመጥ» ያሉት ልጅ ጨዋታው ሲግል ሹልክ ብሎ እንዳይገባ፣ የግራ እግር ጫማውን አውልቀው እዚያ ይቆልፉበታል። «በአንድ ጫማ የዘለለ ጀግና እስካሁን አላየሁም» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ሳይቆልፉበት ስለቀሩት ጫማ ነግረዋታል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጫወተው ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ አሁንም የቀትር ብርሃን ያመዋል። «ደህና ነኝ አለኝ» አሏት ሣጥኑን እየወለወሉ። «እኔም ማመን ፈለግሁ።»

ዶን ኤፍራይን ተመለሱ። «ማሪሊስ፣ አንቺ አይተሻታል? ትከሻዋን ነው?»

የዳያናራ ዓይኖች ልመናቸውን አላቋረጡም።

«ዶን ኤፍራይን፣» አለች ማሪሊስ፣ «ቃላቱን እኔ አንዴ ልጠይቃት?»

«ጠየቅኋት እኮ፣ ልጄ።»

«የእርስዎን ታውቃቸዋለች። እኔ ነኝ ያስጠናኋት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና በአገጫቸው «ቀጥይ» አሏት።

ማሪሊስ አዲስ ቃላት ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም። «ገመድ፣ አንሶላ፣ ዶሮ፣ ጭቃ፣ ኬኔፓ» አለች። ዳያናራ ደገመቻቸው፤ ፈገግ ማለትም ዳዳት። ከዚያ ማሪሊስ ከሃያ ወደ ታች አስቆጠረቻት። ዳያናራ አሥራ ሦስት ላይ ቆመች፤ እንደገና ከአሥራ አምስት ጀመረች።

«እሺ፣ ቃላቱን ንገሪኝ።»

«ገመድ…» ዳያናራ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ሰማያዊውን ሸራ። «ገመድ… ፈረስ?»

«ፈረሱማ ዐርፏል» አለች ማሪሊስ። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጭንቅላቷን ነው የተመታችው፣ ዶን ኤፍራይን። አይቻለሁ።»

«እናቷን ጥሩልኝ» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ዛሬውኑ ሐኪም ያያታል።» የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለማሪሊስ ዘረጉላት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለማንም ሰጥተውት አያውቁም።

ማሪሊስ ተንበርክካ የዳያናራን የግራ ጫማ ማሠሪያ መፍታት ጀመረች። ዳያናራ እግሯን አልሳበችም።

«እስከ ዕለተ ሞቴ አላናግርሽም።»

«እሺ።»

«ፖንሴ ሆኜም አልደውልልሽም።»

«እሺ፣ ዳያ።»

ጫማውን ከሣጥኑ ውስጥ ቆልፋ ከጎኗ ተቀመጠች። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፤ ሸራው ላያቸው ላይ ተርገበገበ። ዳያናራ ፊቷን ለአፍታ አዙራ ቆየች፤ ከዚያ ጭንቅላቷ የከበዳት ይመስል ቀስ ብላ የማሪሊስ ትከሻ ላይ ተደገፈች።

«ማሪ… ስንት ለስንት ነን?»

«አሥራ ሁለት ለአሥራ አንድ» አለቻት፣ ገና የመጀመሪያ ጊዜ እንደተጠየቀች ሁሉ። «እኛ እየመራን ነው።»