ስምንተኛው ቻናል

የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ተድላ ሞቶ የተገኘው የቡና ማድረቂያውን ኦቭን ከፍቶ፣ ሁለት እጆቹን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ እንዳስገባ ተንበርክኮ ነው። ያገኘችው የንብረት ክፍሏ ዙሌካ ናት፤ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀት ልታስፈርመው ስትገባ። ጩኸቷን ሰምተው የግቢው ጠባቂ ጋሽ ከፈለኝ ሮጠው ደረሱ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ብሬከር አጠፉና ሬሳውን አወጡ። የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። ሐኪሙም በዚህ ላይ የጨመረው ነገር «ከቀትር ወዲህ ነው የሞተው» የሚል ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ከፈለኝ ታሰሩ። ሰኞ ደግሞ ኢንስፔክተር በዛወርቅ ጉዳዩን እንድትዘጋ ወደ ቤተ ሙከራው ተላከች። እንድትመረምር አላሏትም፤ እንድትዘጋ ነው ያሏት።

የተቀበላት ኃላፊው ዶክተር ማዕረግ ነው። አንባቢ ይቅር ይበለኝና እኔ አንቱ አልለውም። በዘመኑ ቦንጋ ውስጥ ስብሰባ ከተባለ መድረክ ላይ የሚገኝ፣ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት የሚደግም፣ ቡና ሲለቀም ግን አንድ ቀን ቆሞ ያላየ ሰው ነው። ወንበር ሳይጋብዛት ጠረጴዛው ላይ አንድ ግራፍ ዘረጋ።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር። የመለኪያ ማሽኑ ሶፍትዌር በየአሥር ሰከንዱ የስምንት መስመሮችን ቮልቴጅ ይመዘግባል። ይኼ ሰባተኛው ቻናል ነው፤ የኦቭኑ መስመር። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተድላ ብሬከሩን አጥፍቶ ጥገና ጀመረ። ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ኃይሉ ተመልሷል። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ከተድላ ሌላ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከተማው አዳራሽ ለረቡዕ ግምገማ የዝግጅት ስብሰባ እመራ ነበር። አርባ ምስክር አለኝ።»

«ሶፍትዌሩን ይሠሩበታል?»

«እኔ?» ሳቀ። «ሦስት ዲግሪ ይዤ እዚያ ማሽን ፊት ልጎለት? የቴክኒሺያን ሥራ እኮ ነው። ከፍቼውም አላውቅ። ይህን ሬድዋን ነው ያተመልኝ።»

«የስምንተኛው ቻናል ግራፍ የለም?»

«ስምንተኛው ባዶ ነው፤ ምንም አልተሰካበትም። ጊዜዎን አያባክኑ።»

በዛወርቅ ያለውን ቃል በቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ዶክተሩ በምክሩ የተደነቀች መስሎት ደረቱን ነፋ።

ጋሽ ከፈለኝን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረቻቸው። የማንኪራ መንደር ሰው ናቸው፤ ስልሳ አልፏቸዋል። አማርኛቸው የጎረቤት ያህል እንጂ የቤት አይደለም።

«ተድላ ተኝተው አገኘኋቸው ብሎ ከሶዎት ነበር አሉ።»

«አዎ። ተኝቼ ነበር፤ እውነት ነው የከሰሰኝ። እውነት ስለተናገረ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ብሬከሩን ነክተዋል?»

«ዙሌካ ስትጮህ። ለማጥፋት። ከዚያ በፊት አልነካም።»

«ከቀትር ጀምሮ የት ነበሩ?»

«ስድስት ሰዓት ከቢታ ገነት ቡና የጫነ መኪና መጣ። እኔ፣ ዙሌካ፣ ሹፌሩ፣ በር ላይ ኬሻ ስንቆጥር ስድስት ተኩል ሆነ። ዶክተሩ ውስጥ ነበሩ። መኪናው ሲሄድ እሳቸውም ሄዱ። ዙሌካ ለምሳ ወጣች። እኔ ብቻ ቀረሁ። ልጄ፣ ከዚህ እወጣለሁ? ዕድሜዬን ታያለሽ። ሃያ ዓመት ቢሉኝ፣ እዚሁ ነው የምሞተው።»

በዛወርቅ ባዶ ተስፋ መስጠት አትወድም። «አላውቅም ጋሽ ከፈለኝ» አለችና ተነሣች።

ሬድዋን ወጣት ተመራማሪ ነው። ዓርብ ከስድስት በፊት ለጁምዓ ወጥቶ ሰባት ተኩል ድረስ መስጊድ እንደነበር አብረውት የሰገዱ ሁሉ መስክረዋል። ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠችው።

«ተድላ ጥንቁቅ ነበር?»

«ከልክ በላይ። ብሬከሩ ላይ ‹ሰው እየሠራ ነው› የሚል ካርቶን ሳያንጠለጥል ኦቭን አይከፍትም። ዓርብ ስወጣም ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። አሁን የለም።»

«ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ሳጥን የት አለ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ። ቁልፉ ከተድላ ወገብ አይለይም ነበር።»

«አሁን እኔ ጋ ነው። ስምንተኛውን ቻናል አሳየኝ።»

«እሱ እኮ ባዶ ነው።»

«ተነግሮኛል። አሳየኝ።»

ሬድዋን ከፈተው። ስክሪኑን አየ፤ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ደግሞ አየ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በር ዘግተው ግማሽ ሰዓት አወሩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ግምገማው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ በዛወርቅ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበች። ዙሌካ በሩ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ከፈለኝ እጃቸው በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጡ። ዶክተሩ ሰዓቱን በየደቂቃው እያየ ገባ።

«መድረክ ይጠብቀኛል» አለ።

«አላቆይዎትም።» ኢንስፔክተሯ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ከሰባተኛው መሰኪያ የኦቭኑን ሽቦ ነቅላ በምትኩ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አገናኘች። «ሬድዋን፣ ስክሪኑ ላይ ምን ታያለህ?»

«ሰባተኛው አንድ ነጥብ አምስት ቮልት።»

«ስምንተኛውስ?»

«እሱም ወጣ። ትንሽ ነው፤ ግን ወጣ።»

«ባዶው?» አለች ዙሌካ።

«ባዶው። ማሽኑ ስምንቱን በየተራ ነው የሚያነበው እትዬ ዙሌካ» አለ ሬድዋን። «ከሰባት ወደ ስምንት ሲያልፍ ከሰባት የተረፈ ቮልቴጅ ይዞ ያልፋል። ስምንት ላይ የተሰካ ነገር ቢኖር ትራፊው ይጠፋል። ባዶ ከሆነ ግን ፈተና ላይ እንደሚኮርጅ ተማሪ የሰባትን ይገለብጣል። ተድላ ሆን ብሎ ነው ባዶ የተወው፤ የማሽኑን ጤንነት የሚያይበት ነበር። ማሽኑ ሲመጣ በሰጠን ሥልጠና ሦስተኛ ቀን አስተምሮናል።»

«ዶክተር፣ እርስዎ በሥልጠናው ነበሩ?»

«ሥልጠናውን ከፍቻለሁ» አለ ዶክተሩ።

«ንግግር አድርገው ወጥተዋል። ይኸውና ዓርብ የተመዘገበው። ሰባተኛው ቻናል ኃይል የተመለሰው ሰባት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው ይላል። ኮራጁ ስምንተኛ ግን ስድስት ከአሥራ ሁለት ይላል። አንድ ሰዓት ይለያያሉ። ኮራጅ ከጓደኛው ቀድሞ ሊጽፍ አይችልም፤ ስለዚህ የሰባተኛው ቁጥር በኋላ ተለውጧል። ስድስት ከአሥራ ሁለት ላይ ጋሽ ከፈለኝና ዙሌካ ከሹፌሩ ጋር በር ላይ ኬሻ ይቆጥሩ ነበር። ሬድዋን መስጊድ ነው። ካርቶኑን አንሥቶ ብሬከሩን ለማብራት ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሬድዋን ጠቆመ። «ግራፉን ያተመው እሱ ነው! ቁጥሩን የለወጠውም እሱ ነው!»

«ሬድዋን ቢሆን ኖሮ ስምንተኛውንም ይለውጥ ነበር፤ እንደሚኮርጅ ያውቃል። የለወጠው ሰው ስምንተኛው ባዶ መሆኑን ያውቃል፣ ባዶው ምን እንደሚሠራ ግን አያውቅም። እርስዎ ሶፍትዌሩን ከፍቼ አላውቅም አሉኝ። ባዶነቱ የሚታየው ወይ ሶፍትዌሩ ላይ ወይ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ተቆልፎ ነበር። ታዲያ ስምንተኛው ባዶ መሆኑን የት አዩት?»

ዶክተሩ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«ምክንያቱንም ልንገርዎት» አለች። «ለግምገማው ባዘጋጁት የጫካ ቡና ጥናት ሪፖርት ላይ የእርጥበቱን ቁጥሮች እንደ ፈለጉ ጽፈዋል። ተድላ ትክክለኛውን በማስታወሻው ይዟል። ዛሬ በግምገማው ሊናገር እንደነበር ለሬድዋን ነግሮታል፤ ለእርስዎም ነግሮዎታል፤ ከጀርባ መውጋት አይወድም ነበርና።»

ዶክተሩ ያን ጊዜም እንኳ አላፈረም። ይህን ሰው የምጠላው ለዚህ ነው። «ዞኑን የሚያስጠራ ጥናት» አለ፤ «ለአንድ ዲፕሎማ ላለው ቴክኒሺያን ተብሎ ሊፈርስ ነበር!»

ዙሌካ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ፖሊሱ ግራ ተጋብቶ ኢንስፔክተሯን አየ፤ ይዞ የመጣው አንድ ካቴና ብቻ ነበር። «ከእሳቸው አውልቀው» አለችው።

ጋሽ ከፈለኝ የተለቀቁ እጆቻቸውን እያሻሹ ዶክተሩ ፊት ቆሙ። ካቴናው እስኪቆለፍበት ድረስ ጠበቁት።

«ዶክተር፣ ዘጠኝ ዓመት በር ከፈትኩልዎት» አሉ በዝግታ። «ለሃያ ዓመት እስር ሲሰጡኝ፣ ስሜን እንኳ ያውቁ ነበር?»

ዶክተር ማዕረግ አፉን ከፈተ። ሁሉም ጠበቁት። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ የከሰሳቸውን ሰው ስም ፈለገ፤ አላገኘም።