ንጹሑ ዳቦ

ይመኙሻል ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የቆሻሻ ጋሪዋን ተደግፋ ሲያስመልሳት ቆየና እዚያው ወድቃ ቀረች። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ቆሻሻ ያነሳች ሴት ናት። ስትወድቅ ግን አንድ ሰው እንዲደርስላት ባሏ ጫኔ ብዙ መጮኽ ነበረበት።

ኢንስፔክተር ሀስና መዝገቡን ሰኞ ጠዋት ስትረከብ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሟቿ የበላችው ዳቦ የአይጥ መርዝ አለበት። እኩሌታውን በልታ እኩሌታውን ለባሏ አስቀምጣለች፤ እሱ ግን አልቀመሰውም። በዚህ ምክንያት ጫኔ ታሰረ። አስከሬኑ ከደብረ ብርሃን ተመርምሮ ተመልሷል፤ ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ካልተፈታ ሚስቱን ሳይቀብር ሊቀር ነው።

«ለምን አልበላህም?» አለችው ሀስና።

«እጄን ልታጠብ ስል ጮኸች። እሷ ርቧት ነበር።»

«ዳቦውን ከየት አመጣችው?»

«ከቅያሱ። ጠባብ ስለሆነ ጋሪ አያስገባም፤ እኔ አፉ ላይ እቆማለሁ፣ እሷ ከሦስቱ ቤት ተሸክማ ታወጣለች። ፊቷ ፈክቶ ነው የመጣችው። ‹ዛሬስ ያልጠበቅሁት ሰው አስታወሰኝ› አለችኝ። ማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ቀረች።»

ሀስና የተረፈውን ዳቦ አገላብጣ አየችው። አመድ አልነካውም፣ የቡና አተላ አልነካውም። የተቋጠረበት ቀይ ፌስታል አንዱ ማንጠልጠያው ተቦጭቋል።

በቅያሱ መግቢያ ያለው፣ በድንጋይ ካብ የታጠረው ቤት የእማማ ጥሩሸዋ ነው።

«እማማ፣ የተረፈ ዳቦ ምን ያደርጉታል?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? እህል ከቆሻሻ ጋር ይጣላል እንዴ? ነውር ነው! ለብቻው ቋጥሬ ለይመኙሻል እሰጣታለሁ። ከሌለሁም ውሻ እንዳይነካባት ከፍ አድርጌ እሰቅልላታለሁ። የዚያን ለት ግን የተረፈም አልነበረኝ።»

ቀጥሎ የባለሱቁ የባድሩ ቤት ነው። የአይጥ መርዝ የሚሸጠው እሱ በመሆኑ ሰፈሩ ከወዲሁ ሲያማው ሰንብቷል።

«ለማን ሸጥክ ብትይኝ ማንን ልጥራልሽ? አይጥ የሌለበት ቤት የለም» አለ። «ባለቤቴ ሐጂራ አርብ በመጣ ቁጥር ለይመኙሻል ምግብ ትልክላት ነበር። ወላሂ፣ ከእኛ ቤት ክፉ አልወጣባትም።»

መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም አረንጓዴ የብረት በር የመኳንንት ነው፤ መድኃኒት ቤት አለው።

«አቶ መኳንንት፣ እርስዎስ የተረፈ ዳቦ ምን ያደርጉታል?»

«እኛ ቤት የተረፈ ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ነው የሚገባው» አለ ሰዓቱን እያየ። «ማን ቁጭ ብሎ ይለያል?»

ሀስና ስትወጣ በሩን ቀና ብላ አየችው። አናቱ ላይ ባለው ሹል ብረት ቀይ ላስቲክ ተቦጭቆ ቀርቷል። ወደ ጣቢያ ተመልሳ ጋሪውን ስትፈትሽ ከሥሩ የታሰረ ጣሳ አገኘች። በውስጡ ያገለገሉ መርፌዎችና ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶች አሉ፤ ካርቶኖቹ ላይ የመኳንንት መድኃኒት ቤት ማኅተም ይታያል።

«መዳፏን መርፌ ወግቷት ነበር» አለ ጫኔ። «ባለቤቱን ጠይቄ ለጤና ጽሕፈት ቤት አሳያለሁ ትል ነበር።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሀስና አፈረች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አረንጓዴው በር ፊት ሰበሰበቻቸው። ጫኔ እጁ በካቴና እንደታሰረ ቆሟል።

«ይመኙሻል ‹ያልጠበቅሁት ሰው› ነው ያለችው» ብላ ጀመረች። «እማማ ጥሩሸዋ ሁልጊዜ ይሰጧታል። ሐጂራም አርብ አርብ ትልክላታለች። ከእነሱ ብታገኝ ምን ያስደንቃታል? በዚህ ቅያስ ሰጥቶ የማያውቅ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

መኳንንት ሳቀ። «ከጆንያዬ ፈልፍላ አውጥታው ይሆናላ!»

«ከጆንያ ቢወጣ አመድና አተላ በነካው ነበር። ዳቦው ንጹሕ ነው፤ ለብቻው ተቋጥሮ ተሰቅሎላታል። ይህ የላስቲክ ቁራጭ ከበርዎ ሹል ላይ የተገኘ ነው። ከፌስታሉ ጋር ልክ ይገጥማል።»

«ለውሻ ነው!» ብሎ ጮኸ መኳንንት። «ቆሻሻዬን እየበተኑ አስቸገሩኝ፤ ለእነሱ ያዘጋጀሁትን ነው ወስዳ የበላችው!»

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው የቆየችው ሀስና ቁጣዋ ገነፈለ።

«ለውሻ ቢሆን መሬት ላይ ትጥለው ነበር። አንተ ግን ውሻ የማይደርስበት ቦታ ሰቀልከው። እዚህ ሰፈር ተቋጥሮ የተሰቀለ ዳቦ የሰው እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። መርፌህን በቤትህ ቆሻሻ ደብቀህ ስትጥል ደረሰችብህ፤ ልታሳጣህ እንደሆነም ነገረችህ። ጎረቤቶችህ በደግነት የሚያደርጉትን አይተህ በዚያው ገደልካት።»

«አንዲት ቆሻሻ አንሺ ናት ሥራዬን የምትዘጋብኝ?» አለ መኳንንት። ከዚያ በኋላ ሌላ የእምነት ቃል አላስፈለገም።

ካቴናው ከጫኔ እጅ ወልቆ መኳንንት እጅ ላይ ገባ። ሰፈርተኛው ጫኔን ቀና ብሎ ሳያየው ተበተነ።

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑ በዋናው መንገድ አለፈ። ቆሻሻቸውን ታነሳላቸው ከነበሩት መቶ ያህል ቤቶች ለቀብር የወጣው ዐሥር ሰው አይሞላም፤ ባድሩና እማማ ጥሩሸዋ ከእነሱ መካከል ነበሩ። ሀስና ከኋላ ተከተለች። ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን በመሆኑ በየበሩ የሞላ ጆንያ ወጥቶ ቆሟል።

አንድ በር ተከፈተና አንዲት ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ጫኔ፣ እግዜር ያጽናህ» አለች። «ስትመለስ የእኛን አንሳልን፤ ሸትቷል።»

ጫኔ ከልማድ ብዛት «እሺ እትዬ» አላትና መንገዱን ቀጠለ።