በአንድ ስም የተጻፉ

የስፔን ሹማምንት ግብር ከፋዩን ለመቁጠር እንዲመቻቸው ለቅኝ ግዛታቸው ለአልባይ ሕዝብ የቤተሰብ ስም ባደሉበት ዕለት ቢቢያና ከቲቡርስዮ ጎን ተሰልፋ ነበር።

እሷ ሸማኔ ናት፤ እሱ ቃጫ ይፍቃል። ከአምስት ወር በፊት ሸክሙ ተፈትቶ ቃጫውን ወንዝ ሲወስድበት እየሳቀች አብራው ለቀመች። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል «አብራችሁ ናችሁ?» አለ።

«አብረን ነን» አለች አንገቷን ደፍታ።

የአንድ ቤት ልጆች መስለውት ለሁለቱም «ሮሳል» ብሎ ጻፈ።

ጋብቻቸውን ለማስነገር ስፔናዊው ቄስ ዘንድ ሲሄዱ ጉዱ ወጣ።

«መዝገቡ ወንድምና እህት ናችሁ ይላል» አሉ ቄሱ።

«የኔ አባት ዓሣ አጥማጁ ማካሪዮ ነው። የሱ አባት በፈንጣጣ የሞተው አናጢ። መንደሩን ይጠይቁ!» አለች ቢቢያና።

«መንደሩ ግብር አይሰበስብም። በሌላ ስም የተጠራ ደግሞ ይታሰራል።»

ደጅ ሲወጡ ቲቡርስዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግድ የለም፤ ጳጳሱ ለዘመዳሞች የጋብቻ ፈቃድ ይሸጣሉ አሉ። ሁለት ዓመት ጠንክሬ ብሠራ...» አላት።

«የምን ፈቃድ? ወንድሜ ነህ?»

«አይደለሁም፤ ግን...»

«ግን ምን? ጉልበትህን በየዓመቱ አርባ ቀን በነፃ ይበሉታል። ስማችንን ቀሙን። አሁን ደግሞ አንተን ራስህን ኃጢአት ብለው ሊሸጡልኝ ነው! አንተም ለመግዛት ትስማማለህ!»

ዓይኗን ማየት አቃተው። ንዴቷ ሳይበርድ እጁን ያዘች፤ ቃጫ የላጠው መዳፉ ሲሻክራት እንባዋ መጣ።

ቲቡርስዮ ቀና ብሎ «ተራራው ላይ መዝገብ የለም» አለ።

«ብርድ ግን አለ።»

«አለ። ረሃብም አለ።»

«እንሂድ።»

እሑድ ቀትር ላይ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ በአደባባዩ መሃል ሰንጥቀው አለፉ። እናቷ ድስትና አንዲት ዶሮ አስያዘቻት። አባቷ ማካሪዮ የሁለቱን እጅ አጋጥሞ፣ ቄሱ እየሰሙ፣ «ተጋብታችኋል፤ ይሄን የሚፈታ ጸሐፊ አልተወለደም» አለ።

በማግስቱ ወታደሮች መጥተው ሽማግሌውን አጋድመው ገረፉት። ከዚያ ጥንዶቹ የት እንደሄዱ እያንዳንዱን ሰው ጠየቁ። በመስኖ ውሃና በአውራ ዶሮ ፍልሚያ ውርርድ ዕድሜ ልካቸውን ሲናከሱ የኖሩ ጎረቤታሞች፣ በደም የራሰውን የማካሪዮን ጀርባ እያዩ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አንድ ቃል ብቻ መለሱ፦

«አላየንም።»