የላላው መረብ

የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ጥቅምት ሃያ ሰባት ማለዳ፣ የስድሳ አራት ዓመቱ ደርበው በቁምጣና በሹራብ በሣር ሜዳው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። የቴኒስ መረቡ የሚታሰርበት የብረት ምሰሶ ከራሱ አንድ ክንድ አይርቅም። ከሰዓት በኋላ በዚሁ ሜዳ ላይ ለዐሥረኛ ጊዜ ዋንጫ ሊወስድ አስቦ ነበር፤ እግዚኦ!

ሜዳው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ገባ ብሎ፣ በደርበው ይዞታ ላይ ነው። ሣሩን የተከሉት ድሮ በእርሻ ሥራ የመጡ ፈረንጆች ናቸው። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ቤታቸው ፈረሰ፣ ሜዳው ግን ቀረ። ያስቀሩት ደርበውን ጨምሮ ያኔ ኳስ ይለቅሙላቸው የነበሩ አራት የገበሬ ልጆች ናቸው። ዛሬ አራቱም ስድሳን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ነጭ ለብሰው ይጋጠማሉ። አገሩ መጀመሪያ ሳቀባቸው፣ ኋላ ለመዳቸው፣ አሁን ደግሞ ከደምበጫ ድረስ ሊያያቸው ይመጣል።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አምሳ ዓመት የሞላት አጠር ያለች ሴት ናት፤ ስትጠይቅ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ሰው ይጨነቃል። የአካባቢው ፖሊስ ሳጅን አስናቀው እየሮጠ ተቀበላት። ፊቱ ላይ ደስታ ይነበባል። ሬሳ አጠገብ ደስ የሚለው ፖሊስ መቼም ለእኔ አይጥመኝም።

«ጨርሰነዋል፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ገዳይዋ ልጁ ናት፣ ንጋት። መኪና ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዣት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው።»

«ልጅ አባቷን?»

«መሬቱን ፈልጋ ነዋ! የአቮካዶ ችግኝ ላፍላበት እያለች ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ መሐል ተጨቃጭቃዋለች፤ ያልሰማ የለም። ሟች ደግሞ የፍጻሜ ዕለት ጎህ ሲቀድ ብቻውን ይለማመዳል። ይኸን ታውቃለች። አድፍጣ ከኋላው መታችው።» ስልኩን አወጣ። «አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደርሼ ያነሣሁት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ሜዳው በጤዛ ነጭ ሆኗል፣ ከመንገዱ እስከ ሬሳው የሚሄደው ዱካ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከጫማዋ ጋር ለካሁት፤ ልክክ አለ። ከእሷ በቀር ማንም አልገባም!»

ሥርጉት ፎቶውን ደጋግማ አየችው፣ ስልኩን መለሰችለት። ከዚያ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሹራቡ ጀርባ ርጥብ ነው። እጇን ከደረቱ ሥር አስገብታ ሣሩን ዳሰሰች። ቀጥላ መረቡን አየች። መረቡ ላልቶ የታችኛው ጠርዙ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከጠርዙ ሥር የደርበው ራኬት አለ።

«መረቡን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም! እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያስጠበቅሁት።»

ሬሳው ለምርመራ ሲነሣ ሥርጉት ወደ መኪናው ሄደች። ንጋት የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ከማልቀስ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ትናንት ምሽቱን የት ነበርሽ፣ እኅቴ?»

«ቡሬ። የማኅበራችን ስብሰባ ነበር፣ ከዐሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት። አርባ ሰው አይቶኛል። ከዚያ አክስቴ ቤት አደርሁ። አባቴ ጋ ብደውል ብደውል አያነሣም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ልቤ አላርፍ አለኝ። ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው መኪና መጣሁ። ሜዳው ላይ ወድቆ አገኘሁት፤ ጮኬ ጎረቤት የጠራሁት እኔው ነኝ።»

«ገበያ ላይ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ግን በማግስቱ ደውሎልኝ፣ በቃ መሬቱን ወስደሽ አልሚው ብሎኛል። ማን ያምነኛል? ሳጅኑ እንኳ አልጻፈውም። እኔ እስሩን አልፈራሁም፤ አባቴን ሳልቀብር ነው የምትወስዱኝ? ሌላ ልጅ እኮ የለውም!»

ሥርጉት ሳጅኑን ጠርታ «እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብለሃል፣ ከዚያች በፊት አንዲት ደቂቃ እንዳትንቀሳቀስ» አለችው።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ቢያድግልኝን ነው። የዛሬው ፍጻሜ ተጋጣሚ እሱ ነበር፤ ደርበው በፍጻሜ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፎታል። ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ዋርካው ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

«ደርበውን ይጠሉት ነበር?» አለችው በቀጥታ።

«እንዴታ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ዛሬ ግን ላሸንፈው ነበር። አሁን ማንን ላሸንፍ?»

«ትናንት ምሽቱን የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

ሥርጉት አሸተተች። «ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ቀኝ ትከሻዎ ቅቤ ቅቤ ይላል። እንባዎንም በግራ እጅዎ ነው የሚጠርጉት።»

ሰውየው ግራና ቀኝ ገላመጠ። «አደራ፣ አይውጣብኝ። ትከሻዬ ወልቋል። ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወጌሻዋ ንግሥቴ ዘንድ ስታሸኝ አመሸሁ። ማታ በሁለት ሰዓት ነው የወጣሁት። ደርበው እንዳይሰማ ብዬ ነው የደበቅሁ። ቢሰማ እኮ ኳሱን ሁሉ በዚያ በኩል ነበር የሚሰድልኝ!» የደርበውን መሞት ረስቶት ነበር፤ ሲያስታውስ እንደገና አለቀሰ።

ሁለተኛው መሪጌታ ተስፋው ናቸው፤ ድጓ ያስተምራሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው ቴኒስ ይጫወታሉ። ከቅዳሴ ገና መመለሳቸው ነው።

«እኔስ ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው ከሜዳው ወደ ዋዜማ የወጣሁ፣ ልጄ። ደብሩ ሙሉ ሲያየኝ ቆሜ አደርሁ። ቢያድግልኝ ከእኔ ጋር ወጣ። ደርበው ትንሽ ልለማመድ ብሎ ቀረ።»

«ይህ መረብ ለምንድን ነው የሚላላው?»

«አይ፣ እሱማ ደንብ ነው! ጤዛ ሲነካው ገመዱ ይኮማተራል፣ ምሰሶውን ስቦ ያጎብጠዋል። ፈረንጆቹ ናቸው ያስተማሩን። መጨረሻ የወጣ ሰው ያላላል፣ ገመዱ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን መዘወሪያ ብረት ከጎጆው ይሰቅላል፤ ጧት መጀመሪያ የመጣ ደግሞ ያጠብቃል። ቢያድግልኝ ግን ሰነፍ ነው፤ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም።»

ሥርጉት የዕቃ ጎጆዋን ከፍታ ገባች። የሣር ማጨጃው፣ የኖራው ባልዲ፣ መዘወሪያ ብረቱ በየቦታቸው አሉ። ብረቱን አወረደችና ወደ ብርሃን ይዛው ወጣች፤ ዙሪያውን አየችው፤ ከዚያ በመሐረብ ጠቅልላ ያዘችው።

ሦስተኛው ያረጋል ነው። ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር፣ ሚስትም ልጅም የለው። ፖሊሶቹ የረገጡትን ሣር በጉልበቱ ተንበርክኮ በጣቶቹ ቀና ያደርጋል።

«ጫማ አውልቁ ብላቸው አልሰማ አሉኝ» አላት። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ማዘንዎ ይታያል።»

«አብረን ኳስ ለቅመን አደግን፣ ምን ልበል? ጎህ ሲቀድ እንኳ አጠገቡ ብሆን ኖሮ! ግን ቅዳሴ ላይ ነበርሁ፤ መሪጌታ አይቶኛል።»

«ትናንት አመሻሹንስ?»

«ከእነሱ ጥቂት ዘግይቼ ወጣሁ። ደርበው ብቻውን ቀረ። ቤቴ ገባሁ፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።» ይህን ብሎ ወደ ሣሩ ተመለሰ።

ቀኑ ከብዶ ዋለ። ጨዋታ ሊያይ የመጣው ሰው ለቀስተኛ ሆኖ ሜዳውን ከበበ፤ ንጋት ባለችበት መኪና በኩል ያለፈ ሁሉ ፊቱን ያዞርባታል፣ አንዲት ሴትዮ ጭራሽ ተፋችባት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሥርጉት ከብረቱ ላይ የምትፈልገውን ማስረጃ ካነሣች በኋላ ሳጅኑን ይዛ ማንም ልብ ሳይለው መረቡን በመዘወሪያው አስጠበቀችው፤ ብረቱንም ከምሰሶው ላይ ተወችው። ከዚያ ሦስቱን ሽማግሌዎችና ንጋትን ሜዳው ላይ ሰበሰበች።

«ሳጅን፣ ፎቶህን አሳያቸው። ስንት ዱካ አለ?»

«አንድ! የንጋት!»

«ደርበውስ በምን መጣ? በክንፍ ነው?»

ሳጅኑ ስልኩን መልሶ አየው።

«ጎህ ሲቀድ በእግሩ መጥቶ ቢሆን ጤዛው ላይ የሱም ዱካ ይኖር ነበር። ዱካ የሌለው ጤዛው ሳይወርድ እዚህ ስለነበረ ነው። ሹራቡ ከላይ ርሷል፣ ከደረቱ ሥር ያለው ሣር ግን ደረቅ ነው። ሰውየው የሞተው ዛሬ ጧት አይደለም። ትናንት ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ገና ሳይጨልም ነው፤ በጨለማ ራኬት ይዞ የሚለማመድ የለም። በዚያን ሰዓት ንጋት ቡሬ ላይ አርባ ሰው መሐል ነበረች፤ ሊቀ መንበሩም ጸሐፊዋም አረጋግጠውልኛል። ሳጅን፣ ይችን ልጅ ፍታት።»

ንጋት ጮኻ አለቀሰች። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የተፋችው ሴትዮ ነጠላዋን ተከናንባ ከሰው ኋላ ተደበቀች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ብርዱ መጥቷል።

«በሉ እንግዲህ፣ ሊመሽ ነው» አለች ሥርጉት በድካም ድምፅ። «የቀረውን ነገ እንነጋገራለን። ሜዳውን እንልቀቅ።»

ሁሉም ተንቀሳቀሰ። ቢያድግልኝ ትከሻውን ደግፎ ወደ መንገዱ አዘገመ፣ መሪጌታ መስቀለኛ መቋሚያቸውን አነሡ። ያረጋል ግን ሰዉ ሜዳውን እስኪለቅ ጠበቀና ጎንበስ ብሎ ወደ ምሰሶው ሄደ፤ መዘወሪያውን ያዘ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው። መረቡ ቀስ እያለ ወደ ሣሩ ወረደ። ብረቱን ነቅሎ ወደ ጎጆው ሊራመድ ቀና ሲል ሰው ሁሉ ቆሞ እንደሚያየው አየ።

«ጋሽ ያረጋል» አለችው ሥርጉት፣ ድምፅዋ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ «ትናንትም እንዲህ ነው ያደረጉት?»

ያረጋል ወደ ወረደው መረብ ዘወር አለ።

«የደርበው ራኬት የተገኘው ከመረቡ ጠርዝ ሥር ነው። መረቡ ቀድሞ ላልቶ ቢሆን ራኬቱ ከላዩ ነበር የሚወድቀው። ስለዚህ መረቡን ያላላው ሰው ያላላው ደርበው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሬሳውን አጠገቡ አጋድሞ። እንዲህ የሚያደርግ ሌባ የለም፣ ወንበዴም የለም። አርባ ዓመት እጁ የለመደ ሰው ብቻ ነው። ቢያድግልኝ መረብ አላልቶ አያውቅም፣ ያን ጊዜም ወጌሻ ዘንድ ነበር፤ ንግሥቴን ጠይቄያለሁ። መሪጌታ ዋዜማ ቆመዋል። ብረቱን አጥበው ሰቅለውታል፣ ጋሼ፤ ከጥርሱ መሐል ግን ሽበት ቀርቶበት አገኘሁ።»

«እረ በመድኃኔዓለም! ያረጋል፣ ሐሰት ነው በል!» አሉ መሪጌታ።

ያረጋል ብረቱን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠው። «አላውቅም እንዴት እንደሆነ» አለ። «መዘወሪያው በእጄ ነበር፤ ሊመሽ ሲል መረቡን ላላላ ነበር። እየሳቀ መጣና፣ ያረጋል፣ መሬቱን ለንጋት ሰጥቻታለሁ፣ የነገው የመጨረሻዬ ነው አለኝ። የመጨረሻዬ! ይህን ሣር ያጠጣሁት እኔ፣ ያጨድሁት እኔ። ምን ሚስት አለኝ? ምን ልጅ አለኝ? ዘወር ሲል መታሁት። አንዴ ነው። ሊናገር ነበር ገና፣ አላስጨረስሁትም።»

ንጋት ሰዉን እየገፋች ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሳጅኑ ሊይዛት ሲል ሥርጉት በእጇ ከለከለችው።

«ጋሼ ያረጋል» አለችው፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ፤ «አባቴ የላይኛውን ማሳ ነው የሰጠኝ። ሜዳውን አደራ ነው ያለኝ። እኔ መጫወቱን አቆማለሁ፣ ያረጋል ግን ሌላ ምንም የለው፤ እሱ በሕይወት እስካለ ሣሩን እንዳትነኪ ብሎ አስምሎኛል። ራሴ ነግሬው ደስ ላሰኘው ብሎ ነው የተቻኮለው።»

ያረጋል የሰማው አልመሰለም። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሳጅኑ ብብቱን ይዞ ሊያነሣው ቢታገል አልነሣ አለው። ቢያድግልኝ በደኅና እጁ ሊያግዝ ሄደ።

ንጋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። መሪጌታን «ለነገ ቀብር ካህናቱን ይንገሩልኝ» ብላ መንገዷን ጀመረች፣ ሴቶቹም ተከተሏት።